ያልተደረሰ ልቅሶ

ጎረቤቴን ምንዳዬን ባለፈው በጋ ያየ ሰው፣ ዕድሜውን በመሪ ላይ የፈጀ ሹፌር ነው ቢሉት አያምንም ነበር። ከቁስቋም ፒያሳ ድረስ በእግሩ ወርዶ በእግሩ ይመለሳል። ቀትር ላይም በእግሩ፣ ሲመሽም በእግሩ፤ ያውም ብረት የገባበት እግሩ ገና እያነከሰ። ባጃጅ አጠገቡ ቆሞ «ግባ አያ ምንዳዬ፣ ላድርስህ» ሲለው፣ «መሄዱ ለእግሬ ሸጋ ነው» ብሎ ያልፋል። ሐኪም አዞት ቢሆን እኔም አፌን በያዝኩ። ማንም አላዘዘውም። ማኪና ውስጥ መግባት አቅቶት ነው።

እኔ ሥርጉት እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። የእኔን ግቢና የምንዳዬን ግቢ የሚለያቸው አንድ የድንጋይ ካብ ነው፤ እሱም ከወገብ አያልፍም። የሰው ጓዳ ታዳምጣለች ብሎ የሚያማኝ ካለ መጥቶ ካቡን ከፍ ያድርገው። ይህን የምጽፈውን ግን ሰርቄ የሰማሁት አይደለም። ምንዳዬ ራሱ አንድ በአንድ ነግሮኝ፣ ለሌላ ሰው ይጠቅም እንደሆነ ጻፊው ብሎኝ ነው።

ምንዳዬ ከማክሰኝት ገበያ እህል እየጫነ፣ ደባርቅን አልፎ፣ ሊማሊሞን ወርዶ አዲ አርቃይ የሚያራግፍ ሹፌር ነበር። ሊማሊሞ ከደጋው ጫፍ ወደ ቆላው የሚወርድ ጠመዝማዛ መንገድ ነው፤ በአንድ ወገን የተራራ ግድግዳ፣ በሌላው ወገን ገደል። ደንበኛ ሹፌር ከመውረዱ በፊት ደባርቅ ላይ ሻይ ይጠጣል፣ ፍሬኑን ያያል፣ ያማትባል። ምንዳዬ ከሦስቱ አንዱን ሳያጎድል ነው የኖረው። ጋቢና ውስጥ ከጎኑ የሚቀመጠው የእህሉ ባለቤት አለበል ነው። አለበል የአዲ አርቃይ ልጅ፣ የምንዳዬ እኩያና የልብ ጓደኛ፣ ሳቅ የማያልቅበት ተረበኛ ሰው ነበር። በዕድሜ እንዲያውም እሱ በትንሹ ይበልጣል፤ ምንዳዬ ግን ቀድሞት ስለሸበተ፣ አለበል እንደ ታላቅ ወንድም «አያ» እያለ ይጠራው ነበር። ምንዳዬ ሲናደድ አለበል ይበልጥ ደስ ይለዋል።

አምና ሐምሌ መጨረሻ ላይ ለፍልሰታ ጾም የሚሆን ሽምብራ ጭነው ወረዱ። ጭጋግ ነበር። ከታች የመጣ አውቶቡስ እንዲያልፍ ምንዳዬ ዳር ይዞ ቆመለት፤ ክረምቱ የበላው የመንገዱ ጠርዝ ከሥሩ ተናደ። ማኪናው ተገለባብጦ ቁልቁል ሄደና ዛፍ ላይ ተደግፎ ቆመ። የምንዳዬ እግር ተሰበረ፤ አለበል ከታች በኩል ብረት ተጭኖት ቀረ። ሰዎች ገመድ ይዘው እስኪደርሱላቸው ሁለቱም ነፍስ ነበራቸው። አለበል ግን ወደ ደባርቅ ሲወስዱት መንገድ ላይ አረፈ። ትራፊክ ፖሊስም፣ አውቶቡሱ ውስጥ የነበረውም ሰው ሁሉ፣ ምንዳዬ ጥፋት የለበትም አለ። ትርንጎ፣ የምንዳዬ ሚስት፣ የፈተለችለት ጋቢ እንኳ አልተገኘም፤ ገደል ገብቶ ይሆናል ተባለ።

ምንዳዬ ሆስፒታል ተኝቶ የመጀመሪያ ጥያቄው «አለበልስ?» የሚል ነበር። በእኛ አገር ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም። ተሰብስቦ የወሰነው የለም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ሊጠይቅ የገባው ሁሉ «ደህና ነው፤ ፎቁ ላይ ነው የተኛው» አለው። ምንዳዬም ብርቱካን ላከለት። ጠያቂ ከሚያመጣለት ውስጥ ትልልቁን እየመረጠ በፌስታል ይቋጥርና «ለአለበል ስጡልኝ፤ አያህ ልኮልሃል በሉት» ይላል። ተላኪውም ተቀብሎ ይወጣል፤ በማግስቱ ተመልሶ «ተቀብሎ አመስግኗል» ይላል። በፍቅር የተደረገ ነገር ነውና ማንንም አልወቅስም።

መስከረም ላይ ከሆስፒታል ወጥቶ ትንሽ ሲያገግም፣ ሽማግሌዎች እንደ ወጉ ጎሕ ሲቀድ በሩን አንኳኩ። አለበል ተቀብሮ አርባው እንኳ ወጥቶ ነበር። ምንዳዬ አላለቀሰም። ሽማግሌዎቹን ተራ በተራ አያቸውና «ብርቱካኑንስ ማን በላው?» አለ። ከዚያ ቀን በኋላ የአለበልን ስም ከአፉ አላወጣም፤ እኛም ፊቱ ላይ አናነሳበትም ነበር። ካላነሳነው የሚረሳው መስሎን ነው።

የሚረሳ ነገር አልነበረም። ትርንጎ የምትተዳደረው ሽሮና በርበሬ አዘጋጅታ በመሸጥ ነው። አንድ ቀን፣ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት፣ የተቆላ ሽምብራ ከጆንያ ወደ ሰፌድ ስትገለብጥ ምንዳዬ ከቤት ውስጥ ሮጦ ወጣ። ያ አንካሳ ሰው ሮጠ ስላችሁ እመኑኝ። ካቤን ዘሎ መጥቶ የስፌት መኪናዬ ሥር ተቀመጠ፤ ላብ አጥምቆታል። «ይፈሳል፣ አሁንም ይፈሳል» ይል ነበር። ማኪናው የተገለበጠ ዕለት ጆንያው ተተርትሮ ሽምብራው ወደ ገደሉ ሲፈስ ለረጅም ጊዜ ድምፁ አልቆመም ነበር። ከዚያ በኋላ ትርንጎ ሥራዋን ወደ እኔ ግቢ አዛወረች። እስከ ዛሬ ከደንበኞቼ ቀሚስ ጫፍ ላይ ሽምብራ ይወጣል።

ከሁሉም የከበደው ግን ልቅሶው ነበር። የአለበል እናት እማሆይ ውዴ አዲ አርቃይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጃቸው ለሞት የበቃው ምንዳዬ በያዘው ማኪና ነው፤ ምንዳዬ ደግሞ ቤታቸው ስንት ጊዜ በልቷል፣ አድሯል። እንዲህ ያለ ሰው ልቅሶ ሳይደርስ ሲቀር አገር ምን እንደሚል ለማንም መንገር አያስፈልግም። መጀመሪያ «እግሩ ነው» ተባለለት። እግሩ ዳነ። ከዚያ በኋላ «ምነው ቀረ? ቢደብቀው ነው እንጂ አንድ ያጠፋው ነገር ሳይኖር አይቀርም» የሚሉ መጡ። ምንዳዬ ሁሉንም ይሰማል። ወደ እማሆይ የሚያደርሰው መንገድ ግን ያው ሊማሊሞ ነው፤ ባጃጅ መግባት ያቃተው ሰው ሊማሊሞን እንዴት ይወርዳል? ሐምሌ ላይ የአለበል ሙት ዓመት ይደርሳል። ያን ቀን ካለፈው ከእንግዲህ በምን ፊት የእማሆይን ደጅ ይረግጣል? ይህን ጥያቄ እሱም እኔም ትርንጎም በየልባችን ይዘነው እንዞር ነበር።

በዚህ መሐል አንዲት ሴት ቀሚስ ልታሳጥር ወደ እኔ መጣች። አበቡ ትባላለች፤ የማክሰኝት ልጅ ናት፤ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ክሊኒክ በሥነ ልቦና ባለሙያነት ትሠራለች። ቁመቷን እየለካሁ ሥራዋን ጠየቅኋት።

«ክፉ ነገር የደረሰበት ሰው እንዲያገግም እረዳለሁ» አለችኝ።

«በመርፌ ነው በኪኒን?»

«አንዳንዴ በጣቴ» ብላ ሳቀች።

ሜትሬን አንገቴ ላይ ጣልኩና አስቀምጬ አሠራሩን ጠየቅኋት። ታካሚው፣ አለችኝ፣ በሐሳቡ ያን ክፉ ቀን ይይዛል፤ እሷ ደግሞ ፊቱ ላይ ጣቷን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ታንቀሳቅሳለች፤ እሱ ራሱን ሳያዞር በዓይኑ ብቻ ይከተላል። ትንሽ ቆም ይላሉ፣ ምን እንደመጣለት ትጠይቀዋለች፣ ደግሞ ይቀጥላሉ። እውነቱን ልንገራችሁና ሰምቼ አላመንኋትም። ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባሽው ልላት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እሷ ግን ልታሳምነኝ አልተጣደፈችም። «ለሁሉም ሰው እኩል አይሆንም። ብዙ ሰው ላይ ሲሠራ ግን አይቻለሁ» አለች። በዚያች አነጋገሯ ወደድኋት። ነጋዴ ብትሆን ኖሮ ሁሉንም ይፈውሳል ባለችኝ ነበር።

ለምንዳዬ በካቡ ላይ ነገርኩት። ሳቀብኝ። «ሥርጉት ሙች፣ የእኔ ዓይን ስንት ዓመት ከግራ ስፖኪዮ ወደ ቀኝ ስፖኪዮ ሲመላለስ ኖሯል። የዓይን መመላለስ ቢያድን ኖሮ ሹፌር ሁሉ ጤነኛ ነበር።» ትርንጎ ደግሞ ከእሱ ባሰች። ፊት ላይ ጣት ማወዛወዝ ድግምት መሰላት። ነጠላዋን ጣል አድርጋ በቀጥታ ወደ ነፍስ አባታቸው ወደ ቄስ ፍቅርተማርያም ሄደች፤ እኔም ነገሩ እንዳይበላሽ ተከተልኋት።

ቄስ ፍቅርተማርያም ረጋ ብለው ሰሟትና «ስም ትጠራለች?» ብለው ጠየቁ።

«የማንን ስም አባ?»

«የማንንም። ታስምለዋለች? የሚጠጣ፣ የሚቀባ፣ የሚታሰር ነገር ትሰጠዋለች?»

«ኧረ ምንም አባ። ጣቷን ብቻ ነው» አልኩ እኔ።

«እንግዲያ ጣት የፈጠረው እግዚአብሔር ነው። ጠበሉንም ይጠጣ፣ ጣቷንም ይከተል» አሉና ወደ ማኅሌታቸው ገቡ። በማግስቱ ምንዳዬን ያጠበችው ሸሚዝ አልብሳ ወደ ክሊኒኩ የሸኘችው ራሷ ትርንጎ ናት። በእግሩ፣ እንግዲህ።

አበቡ ወዲያው ጣቷን አላነሳችም። መጀመሪያ ታሪኩን በሚችለው መጠን ሰማችው፣ እንቅልፉን ጠየቀችው፣ ሰውነቱ ሲደነግጥ የት የት እንደሚይዘው ጠየቀችው። ከዚያም ሐሳቡ ሲከብደው የሚያርፍበት አንድ ሰላማዊ ቦታ እንዲመርጥ ነገረችው። ምንዳዬ ምን እንደመረጠ ታውቃላችሁ? በአዲ አርቃይ ሙቀት፣ ከቆመ ማኪና ሥር፣ ጥላው ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ መተኛት። ሹፌር አይደል። አበቡ ከአደጋው ጋር የማይነካካ ቦታ ይሻላል ስትለው፣ አስቦ አስቦ በቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ያለችውን አንዲት ወይራ መረጠ። ከልጅነቱ ጀምሮ ከቅዳሴ በኋላ የሚቀመጥባት ዛፍ ናት።

የስፖኪዮውንም ነገር ጠይቋት ነበር። «ሲነዱ የሚያዩት መንገዱን ብቻ ነው» አለችው። «እዚህ ግን ያን ቀንም ጣቴንም አንድ ላይ ነው የሚይዙት። አእምሮዎ ግማሹ እኔ ጋ ስለሚሆን ያ ቀን ብቻውን አይውጥዎትም።» ለምን እንደሚሠራ ተመራማሪዎቹ ገና እንደሚከራከሩበትም አልደበቀችውም። አንዳንዱ፣ ሰው ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ሲይዝ ትዝታው ጉልበቱ ይደክማል ይላል። ሌላው፣ በእንቅልፍ ልባችን ዓይናችን እንዲሁ ስለሚንቀሳቀስ ከዚያ ጋር ያያይዘዋል። ማደንዘዝ ወይም ማስተኛት እንዳልሆነ፣ በፈለገ ሰዓት እጁን አንስቶ ማስቆም እንደሚችል፣ ሕልሙ ለጥቂት ቀን ሊብስበት እንደሚችልም አስቀድማ ነገረችው።

ሕልሙ ባሰበት። ከመጀመሪያው የጣት ቀን በኋላ ሌሊቱን ሁሉ ሲቃዥ አደረና ጠዋት «ሁለተኛ አልሄድም» አለ። እኔ በካቡ ላይ ሆኜ ጮህኩበት፤ ትርንጎ ለምናው አለቀሰች። ሁለታችንም አልሆነልንም። የመለሰው ሌላ ነገር ነው። ከአዲ አርቃይ የመጣ አንድ ሹፌር በሩ ላይ ቆሞ የእማሆይ ውዴን መልእክት አደረሰ፦ «ለምንዳዬ ንገሩልኝ። ሙት ዓመቱ ላይ እጠብቀዋለሁ። የማሳየውና የምጠይቀው ነገር አለኝ።» ምንዳዬ ይህን ሲሰማ ቀለሙ ተለወጠ። እማሆይ ሊጠይቁኝ ነው፣ ልጄን ምን አደረግኸው ሊሉኝ ነው ብሎ ነው የተረዳው። ቢሆንም በቀጠሮው ቀን ተነስቶ ወደ አበቡ ሄደ። መጠየቁ ካልቀረ ቆሜ ልጠየቅ አለኝ።

ያን ቀን የሆነውን ደጋግሞ ነግሮኛል። አበቡ ከዚያ ሁሉ ትዝታ ውስጥ በጣም የሚከብደውን አንዲት ቅጽበት እንዲመርጥ አደረገችው። መረጠ። ማኪናው ዛፉ ላይ ቆሟል፣ ጭጋግ ነው፣ ሽምብራው ይፈሳል፣ ከድምፁ ሥር አለበል «አያ፣ ውሃ አለህ?» ይላል። እዚያ ላይ ትዝታው ይቆማል። ሁልጊዜ የሚቆመው እዚያ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሽምብራ ብቻ ነው።

«ያን ሲያስቡ ስለራስዎ ምን ይላሉ?» አለችው።

«ምንም አላደረግሁለትም።»

«ምን ማለት ቢችሉ ይመኛሉ?»

«የምችለውን አድርጌያለሁ» አለ። «ግን ውሸት ነው» ብሎ ጨመረ።

ጭንቀትዎን ከዜሮ እስከ አስር ቁጥር ይስጡት ስትለው አስር አለ። የት እንደሚሰማው ስትጠይቀው ጉሮሮውን ያዘ። ከዚያ ጣቷ ተንቀሳቀሰ፤ ዓይኑ ተከተለ። ቆም አሉ። «አሁን ምን መጣ?» «ሽምብራው።» «ከእሱ ጋር ይቀጥሉ።» ደግሞ ጣት፣ ደግሞ ቆም። «አሁንስ?» «ጉሮሮዬ ደረቀ።» «እሱንም ይያዙት።» እንዲህ እያሉ ብዙ ከተመላለሱ በኋላ ሽምብራው ቀነሰ አለኝ። ፈሶ እንደሚያልቅ ነገር ቀነሰ። ያኔ ከሽምብራው ቀጥሎ የነበረው መጣ፦ እጁ አጠገብ ያለች ቢጫ ጀሪካን፤ ለራዲያተር የያዛት ውሃ።

እንዳይመስላችሁ፣ አዲስ ነገር አላስታወሰም። ሁሉንም ያውቀው ነበር፤ ገመድ ይዘው ለወረዱት ሰዎችም ያኔውኑ ነግሯቸዋል። ነገር ግን በዚያ ዓመት ሙሉ ሐሳቡ «ውሃ አለህ?» ላይ በደረሰ ቁጥር ወደ ኋላ ይመለስበት ነበር። ክር የስፌት መኪና ውስጥ ሲጠላለፍ መርፌው ያንኑ ቦታ እንደሚወጋ ማለት ነው። አሁን ክሩ ተፈታ። ጀሪካኗ ነበረች፤ እጁ ግን አለበል ጋ አይደርስም ነበር፤ የተሰበረው እግሩ ይዞታል። ስለዚህ ጋቢውን ከትከሻው አወለቀ፣ ጫፉን ውሃ ውስጥ ነከረ፣ ወረወረለት። አንዴ ሳተው። ደግሞ ነክሮ ወረወረ። አለበል ያዘውና ጫፉን መጠጠ። ደግሞ ጎትቶ ነከረለት፣ ደግሞ ወረወረለት፤ ሰዎቹ እስኪደርሱ ድረስ እንዲህ ሲያደርጉ ቆዩ። መጨረሻ ላይ አለበል ጋቢውን አልመለሰለትም። በርዶት ስለነበር ተጠቀለለበት።

ምንዳዬ አበቡ ፊት አለቀሰ። በመርዶው ቀን ያላለቀሰውን፣ በብርቱካኑ ያላለቀሰውን ሁሉ አለቀሰ። አበቡም ጠብቃው፣ ረጋ ሲል «የምችለውን አድርጌያለሁ የሚለው አሁን ምን ያህል እውነት ይመስልዎታል?» ብላ ጠየቀችው። «እውነት ነው» አላት። ሲወጣ ጉሮሮው ክፍት ነበር። ክሊኒኩ በር ላይ ባጃጅ ቆሞ አየ፤ አየና አለፈው። በእግሩ መጣ። ግን እያፏጨ መጣ፤ እኔ ራሴ ሰምቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ጊዜ ተመላለሰ። የፍሬን ሽታውን፣ የመንገዱን መናድ፣ የብርቱካኑንም ነገር ሳይቀር በየተራ አዩት። አበቡ ጭንቀቱን በየጊዜው ስትጠይቀው ቁጥሩ ይወርዳል፤ አንዳንዴ ደግሞ ይወጣል፤ ቀጥ ብሎ አልወረደም። ግንቦት ላይ ትርንጎ ሽምብራዋን ወደ ግቢዋ መለሰች። የመጀመሪያውን ጆንያ ስትገለብጥ እኔና እሷ በካቡ ግራና ቀኝ ቆመን ምንዳዬን እናይ ነበር። እሱ ደጅ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይቀባል። ቀና ብሎ «ምነው? ሽምብራ አይታችሁ አታውቁም?» አለን። በሳምንቱ ባጃጅ ገባ፤ አዘዞ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ለሹፌሩም መንገድ ሲያሳየው ነበር አሉ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሚኒባስ ይዘን ወረድን፤ ምንዳዬ፣ ትርንጎና እኔ። ምንዳዬ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠ። ደባርቅ ላይ ሻይ ጠጣን፤ ምንዳዬ ራሱ ወርዶ የሚኒባሱን ፍሬን አየ፤ ሹፌሩ ቅር ሳይለው አልቀረም። አማተብንና ሊማሊሞ ገባን። ጭጋጉ ያው ነበር። ጠርዙ የተናደው ቦታ ስንደርስ ምንዳዬ «አቁምልኝ» አለ። ወርዶ ዳር ላይ ቆመና ቁልቁል አየ። ጭጋጉ ገለጥ ባለበት፣ ከታች ዝንጀሮዎች ሣር ይነጫሉ። ረጅም ጊዜ አያቸው።

«ብርቱካኑን ሰው በላው» አለ፣ «ሽምብራውን ደግሞ እነሱ በልተውታል።»

በዚያ ክፉ ቀን ነገር ላይ ሲቀልድ ስሰማው ይህ የመጀመሪያው ነው። ትርንጎ እየሳቀች አለቀሰች። ወደ ሚኒባሱ ተመልሶ ገባና ቆላውን ተያያዝነው።

አዲ አርቃይ ስንደርስ ዳሱ ሰው ሞልቶታል። ምንዳዬ ገና ከበሩ «ወንድሜ፣ ወንድሜ አለበል» እያለ፣ እንደ ልቅሶኛ ደንብ ድምፁን አውጥቶ ገባ። ዓመት ያለፈው ልቅሶ ነበር፤ ግን ሰዉ ሁሉ ተነሣለት፣ አብሮት አለቀሰ። «አንድ ያጠፋው ነገር አለ» ያሉትም እዚያው ነበሩ። እማሆይ ውዴ ግን አላለቀሱም። ቁጭ ብለው ያዩት ነበር። እኔ ደግሞ እሳቸውን አይ ነበር፤ መልእክታቸው ከልቤ አልወጣም።

ጸሎቱ አልቆ፣ የተዝካሩ እህል ተበልቶ፣ እንግዳው ሲቀልል እማሆይ ምንዳዬን ወደ ጓዳ ጠሩት፤ እኛም ተከተልን። ከሣጥናቸው ታጥቦ የታጠፈ ጋቢ አወጡና ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ትርንጎ ገና ስታየው አፏን በእጇ ያዘች። የራሷ ፈትል ነበር።

«ልጄ» አሉት እማሆይ፣ «ሁሉም ወዲያው ነው ያረፈው፣ ምንም አላወቀም ይሉኛል። እንዳላዝን ነው። እኔ ግን አላመንኳቸውም። ልጄን ያመጡልኝ በዚህ ተጠቅልሎ ነው። እኔ የፈተልኩለት አይደለም። ደግሞ ሌላው ደረቅ ሆኖ ጫፉ ብቻ ርሶ ነበር። ስጠይቃቸው፣ ተይው ይሉኛል። አንተ አብረኸው ነበርክና ንገረኝ። ውሃ ጠምቶት ነበር ወይ?»

ከጥቂት ወር በፊት ይህን ጥያቄ ቢጠይቁት፣ ያ ሰው ያን ግድግዳ ጥሶ ይወጣ ነበር። ምንዳዬ ጉሮሮውን እንኳ አልነካም። እማሆይን ፊት ለፊት እያየ ነገራቸው።

«ጠምቶት ነበር እማሆይ። አያ፣ ውሃ አለህ አለኝ። ነበረኝ። እጄ ስላልደረሰ የዚህን ጋቢ ጫፍ እየነከርኩ ወረወርኩለት። ያዘው፣ ጠጣ። ብዙ ጊዜ ጠጣ። ቀዝቃዛ ነው፣ ሸጋ ነው አለኝ። ሲበርደው እርስዎን አነሳ፤ እናቴ ብታየኝ ጋቢ ሳትይዝ ለምን ወጣህ ብላ ትቆጣኝ ነበር ብሎ ሳቀ። ከዚያ ተጠቀለለበት። አልጮኸም። ብቻውንም አልነበረም።»

እማሆይ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። «እውነት ነው፤ እቆጣው ነበር» አሉ። ዓመት ሙሉ ያልወጣ እንባ ያኔ ወጣ፤ ድምፅ አልነበረውም። «እንግዲያ ተጠምቶ አልሄደም» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው።

ልንሰናበት ስንነሣ እማሆይ ጋቢውን ዘርግተው በምንዳዬ ትከሻ ላይ ጣሉለት። እሱ ከእርስዎ ጋር ይቅር ብሎ ሊያወልቀው ሲል እጁን ያዙት።

«ልበሰው ልጄ» አሉት፤ «ሊማሊሞን ስትወጣ ይበርድሃል።»